ለቅዳሜ ያልደረሰ ሐሙስ

ሰኞ፣ ሜይ 6

ብርዱ ገባ። የታክሲው መስኮት አይዘጋም። ከሰፈሬ ከካትለሆንግ እስከ ከተማ አንድ ጆሮዬ ደንዝዞ ደረስኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ትኩስ ማግዊኛዋን፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ እየገመጠች ዘይቱን ኮቴ ላይ አንጠባጠበችው። ይቅርታ እንኳን አላለችም። ምን ይደረግ።

ቢሮ እንደ ወትሮው። ማሽኑ ሌሊት በራሱ ከሚሠራቸው ሥራዎች፣ ጆብ ከምንላቸው፣ ሁለቱ ወድቀው አገኘሁ። አንዱ ቦታ ጠቦት፣ ሌላው ያው የታወቀ ሰበበኛ። አስነሳኋቸው። ሻይ።

ከሰዓት ስብሰባ። ትልቁ ማሽን፣ አሮጌው ኮምፒውተራችን፣ ሊዘጋ ነው። ይኼ አዲስ ወሬ አይደለም፣ አምናም ተነግሮናል። አዲሱ ቀኑ ነው። የጁን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ፣ ደመና ወደሚሉት የሩቅ ኮምፒውተር፣ ይሄዳል። የጁን መጨረሻ ላይ ደግሞ እኔ በጡረታ እሄዳለሁ። ወዴት? እኔን ክላውድ አይወስደኝ መቼም።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከደርባን የመጣ ካቬሽ የሚሉት ነው። ልጄ የሚሆን። ነጩ ሰሌዳ ላይ ሳጥንና ቀስት እየሳለ፣ "ማማ ማሳባታ፣ ጥገኝነት ማለት አንዱ ጆብ ሌላውን ሲጠብቅ ነው" ብሎ አስረዳኝ። ለእኔ! ለቀባሪው አረዱት አሉ። ዕድሜ ልኬን ምን ስሠራ የኖርኩ መስሎታል? ማሽኑ ውስጥ ያለውን ተራ አስከባሪ የማዘው እኔ ነኝ። ታክሲ ተራ ላይ እንደሚጮኸው ሰውዬ ነው። ጆቦቹን ያሰልፋል፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው በበዓል ቀን እንደሚቀር ያውቃል። የሚያውቀው ግን እኔ የነገርኩትን ነው። ነገርኩት፣ ነገርኩት... አረጀሁ።

ለካቬሽ ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ተክኛለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

የሐሙሱ ጆብ ቀትር ላይ ወጣ። እንደ ሁልጊዜው አጠገቡ ሆኜ ጠበቅሁት። ሻዬን እስክጨርስ ሮጦ ገባ።

ይኼን ለዚያ ልጅ እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳው? እስቲ እዚህ ልለማመድ።

የቀብር መድን ነው የምንሸጠው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ያመለክታል፣ ይጸድቃል፣ ክፍያው ሌሊት ይላካል፣ በማግስቱ ማምሻ ላይ ባንክ ይገባል። ሰኞ ለጸደቀለት ደህና ነው። ሐሙስ ለጸደቀለትስ? ዓርብ ማታ፣ ባንክ ከተዘጋ በኋላ። ዓርብ እኮ ድንኳኑ ይተከላል፣ ከሰዓት ሬሳው ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ ላሟ ትታረዳለች። ቅዳሜ ሲነጋ ወደ መቃብር። ድንኳን አከራዩ፣ ሣጥን ሠሪው፣ ባለ ላሟ... ማን ነው እስከ ሰኞ የሚጠብቀው? ስለዚህ አንድ ጆብ ጨመርኩ። ሐሙስ ቀትር ላይ እስከዚያ የጸደቀውን ሰብስቦ በዕለቱ የሚያስገባ። ያዘዘኝ የለም። የያኔው አለቃዬ ኦከርት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እኔ አልሰማሁም" አለኝ። ፈቃዱ ያ ነበር። የተጻፈ ነገር የለም።

መልሼ ሳነበው ግልጽ ነው። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

መንገዱ በድንኳን ተዘጋግቷል። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነው ራካዲ ዲፑዎ ቤት የደረስኩት። እነዚያን ድንኳኖች ሳይ ለማንም የማልነግረው ደስታ አለኝ። ይቺ የሐሙሴ ናት፣ ይቺም የሐሙሴ ናት እላለሁ። በሰው ቀብር የሚደሰት... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ራካዲ የምላት የአባቴ እህት ስለሆነች ነው። አሳድጋኛለች። ሳንባዋ አልቋል፣ ምላሷ ግን አላረጀም።

"በጠዋት የመጣሽው ሞታለች ብለሽ ነው?"

"ሻይ ላፈላልሽ ነው።"

"ሻዩን ተይው። ቁጭ በይ። የሬሳ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቅዳሜ እንዳታሳልፉኝ።"

ይኼን ንግግር ስንት ጊዜ ሰማሁት። የባሏ ሬሳ ከማዕድን ቁፋሮው ሲመጣ ዘመድ የት ይቀበር እያለ ሲጨቃጨቅ ከረመ። ሣጥኑ ሲከፈት ፊቱ ተለውጦ አላወቀችውም። "የሰው ባል አልቅሼ ቀበርኩ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት" ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፣ ሳቋ ግን ያስፈራኛል።

"የመጀመሪያው ቅዳሜ። በይ ማይ።"

"እሺ ራካዲ።"

"እሺ በይ ያልኩሽ ይመስል! ማይ!"

በአባቴ አፅም ማልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሻዩን የጠጣችው።

እድሯስ? የእድሩ ሴቶች አልቀው እሷ ቀረች። ሁሉንም ቀብራ። "ሰብሳቢም ገንዘብ ያዥም እኔ ነኝ፣ ስብሰባ የምጠራው መስታወት ፊት ቆሜ ነው" ብላ ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት። ያላት የእኛ መሥሪያ ቤት መድን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ደመወዜ እኔ ነኝ ያስገባኋት። የእኔስ? ያጠራቀምኩት ገንዘብ ጣሪያው ላይ አለቀ፤ እሱም አሁንም ያፈሳል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ወደ አዲሱ የሚሄዱት ጆቦች ተለይተው መጡ። ሐሙስ የለም።

ደግሜ አየሁ። የለም። ጆቦቹን የሚገለብጠው መሣሪያ ያነሳው ቀን የተጻፈላቸውን ብቻ ነው። የእኔ ሐሙስ ቀን አልተጻፈለትም። ከቅርንጫፎቹ የጸደቁት ዝርዝር፣ የሐሙስ ፋይል፣ ሲደርስ ነው የሚነሳው። ፋይሉ ከዘገየ ይዘገያል፣ ከመጣ ይወጣል። ጎበዝ ነኝ ብዬ እንደዚያ ሠራሁት...

ካቬሽ ጋ ሄድኩ።

"ማማ፣ ሌሊት ክፍያ አለ እኮ። ይኼ ለምን ያስፈልጋል?"

"ቅዳሜ ስለሚቀበር።"

"ማን?"

"ሰው ነዋ!"

ግራ ገብቶት አየኝ። የምሩን ነው። "እኛ ሂንዱዎች ጋ እኮ፣ አያቴ ጠዋት ሞቶ ከሰዓት አቃጠልነው። ሳምንት ሙሉ ምን ትጠብቃላችሁ?"

"ዘመድ ከፍሪስቴት በአውቶቡስ ነው የሚመጣው። አለቃ በሥራ ቀን ፈቃድ አይሰጥም። ሬሳው አንድ ሌሊት ቤቱ ያድራል። ቅዳሜ ያልተቀበረ ሰው፣ ሰው የሌለው ነው።"

"ገባኝ፣ ገባኝ። በቃ አስገባዋለሁ።"

አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ቢሆንም አስገባው። እዚያው ፊቴ መዘገበው። "ምክንያት" የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ አለፈው። ይሁን። ገብቷል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ደግ አይደለም ይኼ። ደስ ሲለኝ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይከተላል።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

በአዲሱ ላይ ልምምድ። ትልልቆቹ አለቆች ወርደው ስክሪኑ ፊት ቆመዋል። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሐሙስ ብቻ ቢጫ። የሚጠብቀው ፋይል በልምምዱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ይጠብቃል። ልኩን ነው የሠራው።

አለቆቹ ቢጫ አይወዱም። ካቬሽ ላብ አጠመቀው። ከዚያ ጆቡን ነካና "ተጠናቋል" አለው። በእጁ። አረንጓዴ ሆነ። አለቆቹ ወደ ምሳቸው።

እኛ የዚህ ሥራ ሰዎች ይኼን ሁላችንም እናደርገዋለን። ያልሮጠውን ሮጧል ብለን ከኋላው ያሉትን እናሳልፋለን። ግን በልምምድ፣ ግን ለአንድ ቀን...

"ለዛሬ ብቻ ነው አይደል?" አልኩት።

"ለዛሬ ብቻ ማማ።"

እሑድ፣ ጁን 2

ተዛወርን። ኬክ ቆረሱ። ኬኩ የደመና ቅርጽ አለው፣ ጣዕሙ የሳሙና።

ጆቦቹን የማዘዝ ሥልጣኔ ተነሳ። ከዛሬ ጀምሮ ማየት እንጂ መንካት አልችልም። የሱቅ መስኮት ላይ እንደተለጠፈ ልጅ። አሮጌው ማሽን እስከ ወሩ መጨረሻ በርቶ ይቆያል፣ ለክፉም ለደጉም ብለው። ክፍሉ ገብቼ ትንሽ አጠገቡ ቆምኩ። ሙቀቱ ደስ ይላል በዚህ ብርድ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

የሐሙሱ ጆብ አረንጓዴ። "ተጠናቋል" ይላል።

ግን ሻዬን ሳልቀምስ ነው የጨረሰው። አዲሱ ፈጣን ነው አሉ። ይሆናላ... ምን አውቃለሁ እኔ።

ዓርብ፣ ጁን 7

አልነበረም። ፈጣን አልነበረም።

ሴኬሌ ደወለ። የሰፈራችን ቀብር አስፈጻሚ ነው። ግማሹን ካትለሆንግ እሱ ነው የቀበረው። ሳቂታ ሰው ነው፣ ዛሬ አልሳቀም።

"ማሳባታ፣ ሐሙሳችሁ የት ገባ?"

"ወጥቷል እኮ። ስክሪኑ ተጠናቋል ይላል።"

"እኔ ጋ ያለው ሬሳ ስክሪን አያይም እህቴ። ሁለት ቤተሰብ ቢሮዬ ተቀምጧል። ድንኳን አከራዩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ።"

ፍለጋ ገባሁ። ቢያንስ ማየት አልተከለከልኩም። አገኘሁት። ካቬሽ በየልምምዱ በእጁ ላለመንካት አንድ ትእዛዝ ጽፎ ኖሯል። ይኼ ጆብ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከጠበቀ "ተጠናቋል" በለው የሚል። ከልምምዱ በኋላ ማን አስታወሰው? ከሌላው ጋር አብሮ ተሻገረ። የቅርንጫፎቹ ፋይል ደግሞ አዲሱ ላይ በሌላ ስም ነው የሚገባው፣ እና ጆቡ በድሮ ስሙ ይጠብቀዋል። የማይመጣ እንግዳ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትእዛዙ መጥቶ ጨርሰሃል ይለዋል። አረንጓዴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማሽን ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ካቬሽ ደርባን ሄዷል። ስልኩን አያነሳም። ሁለቱ ቤተሰቦች ነገ አይቀብሩም።

ሰኞ፣ ጁን 10

አሳየሁት። አንገቱ ድረስ ቀላ። አልካደም፣ ይኼን ልመስክርለት።

"የኔ ጥፋት ነው ማማ።"

"ጥፋቱን ተወውና አስተካክለው።"

"አልችልም። የለውጥ እገዳ ላይ ነን።"

ረስቼው! የግማሽ ዓመት ሂሳብ ሲዘጋ እስከ ጁላይ መጨረሻ ማንም ምንም እንዳይነካ ይታገዳል። ራሴ ነኝ ድሮ ይኼን ሕግ ከኦከርት ጋር ሆኜ ያስከበርኩት። ጎረምሳ ሁሉ እየተነሳ ማሽኑን እንዳያበላሽብን ብለን።

"ስህተት እኮ ነው፣ ለውጥ አይደለም!"

"ስህተት ማስተካከልም ለውጥ ነው ይላሉ።"

"ለአስቸኳይስ?"

"አስቸኳይ የሚባለው ጆብ ሲወድቅ ነው። ይኼ አልወደቀም። አረንጓዴ ነው።"

በእጅ መክፈልስ? ቀርቷል። የልዩ ፈቃድ ማመልከቻስ? አስገብቷል፤ ኮሚቴው ከእገዳው በኋላ ይታይ ብሎ መለሰው። እኔም ለብቻዬ አለቆቹ ፎቅ ወጣሁ። ጸሐፊዋ ጉዳዩን በአንድ መስመር ጻፊልኝ አለችኝ። በአንድ መስመር! "ሰው ሞቶ አይቀበርም" ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችና ፈገግ አለች።

ሐሙስ፣ ጁን 13

አረንጓዴ።

ሰኞ፣ ጁን 17

በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ራካዲ ጋ ዋልኩ። ገንፎ ሠራሁላት፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወችው። ትንፋሿ ያጥራል። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሰኞ ስላት "ገና ነው" አለች። ምኑ ነው ገና? አልጠየቅኋትም። ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ።

ውስጤ የሚለኝን ልጻፈው እንግዲህ፣ ማንም አያነበውም። በዚህ ሳምንት አትሙቺብኝ። እስከ ኦገስት ቆዪልኝ። ለሰው እንዲህ ተብሎ ይለመናል?

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ሞተች። ንጋት ላይ። ብቻዋን አልነበረችም፣ እጇን ይዤ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁን 19

ሴኬሌ ትናንት መጥቶ ወሰዳት። ሲያነሷት ትራሷን አቃንቶ "እናት ዲፑዎ፣ በቀስታ ነው የምንሄደው" አላት።

ማመልከቻውን አስገባሁ። በገዛ መሥሪያ ቤቴ መስኮት ላይ ተሰልፌ። ነገ ጠዋት ይጸድቃል አሉኝ። ነገ ጠዋት። ሐሙስ ጠዋት ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት የጸደቀ ሐሙስ ከሰዓት ይገባል... ይገባ ነበር። ለእሷ ብዬ የሠራሁት ይመስል ልክ ልኳ ነበር።

ወንድሟ ቴፎ ከፍሪስቴት ደወለ። አውቶቡስ ተከራይተዋል፤ ዓርብ ማታ ይደርሳሉ። "ላሟ ቀይ ትሁን፣ ቀይ ትወድ ነበር" አለኝ። እሺ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁን 20

ጠዋት ጸደቀ። በቀጥታ ካቬሽ ጋ ገባሁ። ልለምን። ለምኜ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅም።

"አክስቴ ሞታለች። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ጆቡን በእጅህ ልቀቀው። ለእሷ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ውስጥ ሌሎችም አሉ።"

ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ያለ ፈቃድ ከነካሁ ዛሬውኑ ያባርሩኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ባለቤቴ እርጉዝ ናት።"

"እሱንም ሰምቻለሁ።"

ተቀመጠ። ተነሳ። ጥፍሩን ነከሰ። "የአደጋ ጊዜው መግቢያ አለ" አለ በመጨረሻ። ማሽን ሲንኮታኮት ብቻ የሚከፈት፣ ሁሉን የሚችል መግቢያ ነው። የይለፍ ቃሉ የጥበቃው ክፍል ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። አብረን ወረድን። ስሙን ፈርሞ ወሰደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ሰው ሆኖ ታየኝ።

አስገባው።

"የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፎበታል" አለ ስክሪኑ።

ደግሞ አስገባው። ያው። ስንዛወር ያንን ማደስ ማንም አላሰበም። በአሮጌው ማሽን ጊዜ የማድሰው እኔ ነበርኩ። ሥልጣኔን ሲወስዱ ያንንም ወሰዱት፣ ለሌላ ግን አልሰጡትም።

ሳቅኩ። ካቬሽ አበደች ብሎ ፈራ መሰለኝ። ቀትር አለፈ። ጆቡ ቢጫ ሆኖ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተጠናቋል አለ። አረንጓዴ። ሁለታችንም ስክሪኑን እያየን።

ዓርብ፣ ጁን 21

ሴኬሌን ለመንኩት። "እህቴ፣ ሐሙስሽ ከቀረ ወዲህ ስንቱን በዱቤ ቀበርኩ። ሣጥን ሠሪው በሩን ዘጋብኝ። አንቺን እምቢ ስል አንጀቴ እየተቃጠለ ነው፣ ግን ሣጥኑን ከየት ላምጣ?" እውነቱን ነው። ገንዘቡ ሰኞ ነው እጄ የሚገባው። የመቃብር ቦታው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍት ቀን ረቡዕ ነው። አለዚያ የሚቀጥለው ቅዳሜ።

ቴፎ ጋ ደወልኩ።

"ረቡዕ? ረቡዕ የሚቀበር ውሻ ነው! የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጠብቂ።"

"ሁለተኛ ቅዳሜ ይሆንባታል። ምያለሁ።"

"ለማን ነው የማልሽው? ለሞተች?"

"በሕይወት እያለች ነው የማልኩት።"

"አንቺ እዚያ መሥሪያ ቤት ያለሽው ለምንድን ነው ታዲያ? ሰው ሲጠይቀኝ የወንድሜ ልጅ እዚያ ናት እያልኩ ስኮራ!"

ጆቡ አረንጓዴ ስለሆነ ነው ልበለው? "ረቡዕ ከቀበርሻት እኔ የለሁበትም" ብሎ ዘጋው። አውቶቡሱን መልሰውታል።

ቅዳሜ ካልኩ መሐላዬን አፈርሳለሁ። ረቡዕ ካልኩ ሰው አልባ እቀብራታለሁ። የቱ ነው ክህደቱ? ሲመሽ ረቡዕ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 22

ከቤት አልወጣሁም። ከሩቅ የሌላ ሰው ቀብር መዝሙር ይሰማል።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ቀበርናት።

ትናንት ከሰዓት ቤቷ ገብታ አደረች። ሣጥኑን ከፈትኩ። ፊቷ የራሷ ፊት ነበር። ትንሽ የተቆጣች። ራካዲ ናት፣ በሌላ ሰው አልተለወጠችም። ያቺን እንኳ አድርጌላታለሁ። ቀይ ላም አልነበረም፣ ዶሮ ነው።

ድንኳኑ ትልቁ ነው የተተከለው፣ አነስተኛው ተከራይቶ አልቆ። ነጫጭ ወንበሮች ተደርድረው ባዶ። የመጣው የመንገዳችን ጡረተኛ ብቻ ነው፣ ሌላው ሥራ ላይ ነዋ። ስለ ሟች የመናገሪያው ተራ ሲደርስ፣ ስለ ልጅነቷ የሚናገረው ቴፎ ነበር፣ የለም። ስለ እድሯ የሚናገር የለም፣ ሞተዋል። ሴኬሌ ነው ተነስቶ የተናገረው። ባሏን የቀበረው አባቱ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ካቬሽ መጣ። ክራባት አድርጎ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። እንዴት አድርጎ ካትለሆንግን እንዳገኘው እንጃ። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ፦

"ማማ፣ ቀድሜ መጣሁ እንዴ?"

"አይ። ረቡዕ ስለሆነ ነው።"

ወንበሮቹን አየ። እንደገና አየ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

መቃብሩ ላይ አፈር የሚመልስ ወንድ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለት አካፋ እየጣሉ ወገባቸውን ያዙ። ካቬሽ ኮቱን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝና አካፋ አነሳ። ሸሚዙ ከጀርባው እስኪጣበቅ። አካፋ ይዞ አያውቅም፣ ያስታውቃል። ሴኬሌ እጁን እንዴት እንደሚይዝ አሳየው። ሁለቱ ናቸው የጨረሱት።

ኮቱን አቅፌ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ራካዲ በዚያ ሁሉ ቀብር ድንች ስትልጥ፣ ስታበስል፣ ስትዘምር የኖረች ሴት... ሰው አልመጣላትም። ቀባሪ አያሳጣሽ ሲሏት አሜን ስትል ሰምቻለሁ። አሜኑ የት ሄደ?

ዓርብ፣ ጁን 28

የመጨረሻ ቀኔ። አሮጌውን ማሽን አጠፉት። ጠዋት ክፍሉ ሞቃት ነበር፣ ከሰዓት ገብቼ ሳየው እንደ ውጭው በርዷል። ፎቶ እንነሳ አሉኝ። ተነሳሁ። ኬክ የለም በዚህኛው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

ብርዱ ሊለቅ ነው። ጠዋት ጠዋት የምነሳው ያው በድሮው ሰዓት ነው፣ የምሄድበት ግን የለም። ታክሲው በመስኮቴ ሥር ሲጮህ ያልፋል። ቴፎ እስካሁን አያናግረኝም። ገበያ ላይ ያገኙኝ ሴቶች "ራካዲሽን ለምን በረቡዕ?" ይሉኛል። ጉዳይ ነበር እላለሁ። ለሰሚው ግራ።

ከሰዓት ካቬሽ ደወለ።

"ማማ፣ ሐሙስ ወጣ። እገዳው አብቅቶ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ለውጥ እሱ እንዲሆን አስወሰንኩ። ያንን ትእዛዝ ሰርዤዋለሁ። ፋይሉንም በአዲሱ ስሙ ነው አሁን የሚጠብቀው።"

"አረንጓዴ ነው?"

"አረንጓዴውን ይተዉት። እንደ ሐሙሱ ሁሉ ሴኬሌ ጋ ደውዬ ነው የጠየቅሁት። ገብቶላቸዋል። ነገ ድንኳን ይተክላሉ።"

ለካ ሐሙስ ሐሙስ ሴኬሌ ጋ ይደውላል። ማንም ሳያዘው።

"ጎበዝ" አልኩት።

አልዘጋም። "ምክንያት የሚለውን ቦታ ያኔ ባዶ ትቼው ነበር" አለኝ። "አሁን ሞላሁት። 'ሰው የሚቀበረው ቅዳሜ ስለሆነ' ብዬ። ልክ ነው ማማ?"

ልክ ነው አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ራካዲን ረቡዕ ነው የቀበርናት።